የእትዬ ትብለጥ ነጭ መብራት

ቀረብ በሉማ፣ የእትዬ ትብለጥን ንዴት ላውጋችሁ።

እትዬ ትብለጥ አዳማ ውስጥ ጸጉር ቤት አላቸው። ጸጉር ቤታቸው ውስጥ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አለ፤ ገንዳው ውስጥ አረንጓዴ ተክል፣ ተክሉ ውስጥ የተሸሸጉ ገና የተወለዱ ዓሦች። ታዲያ ነጋዴው መርዕድ "ለዓይን ያምራል" ብሎ የሸጠላቸው ሰማያዊ መብራት ገንዳውን ጭፈራ ቤት አስመሰለው እንጂ ተክሉን አላሳደገውም። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ግንዱ ሳሳ። መሸሸጊያው ሲመናመን ትልልቆቹ ዓሦች ትንንሾቹን ይውጡ ጀመር።

እትዬ ትብለጥ መብራቱን ነቅለው ወደ መርዕድ ሱቅ ሄዱ።

"እንካ መብራትህን! ለተክል የሚሆን ነጭ መብራት ስጠኝ።"

"ነጩ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው እትዬ። ቁልፉ ሽብሬ ጋ ነው" አለ መርዕድ፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

መጋዘን ጠባቂዋ ሽብሬ ቁልፉን በጣቷ እያሽከረከረች "አልከፍትም" አለች። "ጭነት የያዘው አይሱዙ በሩ ላይ ተገትሮ በየት በኩል ልክፈተው?"

"በሩ ካልተከፈተ መብራቱ አይወጣም፤ መብራቱ ካልወጣ ተክሉ አይድንም፤ ተክሉ ካልዳነ ዓሦቼ ማለቃቸው ነው!" አሉ እትዬ ትብለጥ፤ እየተንጨረጨሩ ወደ ሾፌሩ ወደ ሙክታር ሄዱ።

ሙክታር ጋቢና ውስጥ ተጋድሟል። "አልነቃነቅም" አለ። "ገመዱ ተፈቷል፤ ጭነቱ ሳይወርድ ብነዳው መንገድ ላይ ይረግፋል።"

"ጭነቱ ካልወረደ አይሱዙው አይነቃነቅም፤ አይሱዙው ካልተነቃነቀ በሩ አይከፈትም፤ በሩ ካልተከፈተ መብራቱ አይወጣም፤ መብራቱ ካልወጣ ተክሉ አይድንም፤ ተክሉ ካልዳነ ዓሦቼ ማለቃቸው ነው! ምን ጉድ ነው ይሄ!"

ወዛደሮቹ ጥላ ስር ተደርድረው ተቀምጠዋል። "አናወርድም" አሉ። "አለቃችን ጋሽ ቡልቻ ሳይነሳ ማን ይነካዋል?"

ጋሽ ቡልቻ ወገቡን በጨርቅ ጠፍሮ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። "አልነሳም እትዬ" አለ። "የመርዕድን ዕቃ ሳወርድ ነው ወገቤን የተቀጨሁት። አልጋ ላይ ስወድቅ 'እንዴት ሆንክ' አላለኝም። ዛሬ ስመለስ 'ቶሎ አውርድ' ብሎ ጮኸብኝ። መጥቶ ይጠይቀኝ፤ ያኔ እነሳለሁ።"

እትዬ ትብለጥ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሱቁ ተመለሱ።

"አንተ መርዕድ! አንተ ስላልጠየቅኸው ቡልቻ አልተነሳም፤ ቡልቻ ስላልተነሳ ጭነቱ አልወረደም፤ ጭነቱ ስላልወረደ አይሱዙው አልተነቃነቀም፤ አይሱዙው ስላልተነቃነቀ በሩ አልተከፈተም፤ በሩ ስላልተከፈተ መብራቱ አልወጣም፤ መብራቱ ስላልወጣ ተክሌ እየሞተ ነው! በፀሐይ የምታንከራትተኝ ለካ አንተው ነህ! ተነስ!"

"ደንበኛ ይመጣብኛል እትዬ..."

"እኔ ማን ነኝ ታዲያ?" እጅጌውን ይዘው ጎተቱት።

መርዕድ ጋሽ ቡልቻ ፊት ሲቆም አንገቱን አከከ። "ወገብህ... ተሻለህ ጋሽ ቡልቻ?"

"ቤቴን ታውቀው የለ?"

"አውቀዋለሁ። መምጣት ነበረብኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።"

ጋሽ ቡልቻ ትክ ብሎ አየው። "ይቺን ለማለት ነው ይሄ ሁሉ?" አለና መርዕድን ተደግፎ ተነሳ።

ቡልቻ ሲነሳ ወዛደሮቹ አወረዱ፤ ጭነቱ ሲወርድ ሙክታር ሞተር አስነሳ፤ አይሱዙው ሲሄድ ሽብሬ ከፈተች፤ በሩ ሲከፈት መብራቱ ወጣ። መርዕድ ግን ከሁሉ ኃይለኛውን ይዞ ብቅ አለ።

"ለስታዲየም ነው እንዴ?" ጮኹ እትዬ ትብለጥ። "ብርሃን ሲበዛ ገንዳውን አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ዝልግልግ ይወርሰዋል። መካከለኛውን አምጣ!"

መካከለኛውን አመጣ።

ብዙም ሳይቆይ ከቢጫው ቅጠል መሃል አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለ። ተክሉ ሲንዠረገግ የተረፉት ትንንሽ ዓሦች ጥልቅ አሉበት፤ ትልቁ ዓሣ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እኔ ግን አፌን ዘጋሁ፤ ተረኛው ያውጋ።