የአትጠገብ ዘጠኝ እንቁላል

"ባሏ ጥሏት የሄደው ዶሮ መበለት ስለማትችል ነው።"

ይህን እትዬ ጌጤነሽ ያላለችበት ቀን አልነበረም። ውሃ ስንቀዳ ትለዋለች፤ ልብስ ስናሰጣ ትለዋለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስም ነጠላዋን እያስተካከለች ትለዋለች። ወሬም እንደ በርበሬ ደጋግመው ካልደለዙት አይጣፍጥም ብላ ይሆናል።

ዛሬ ወገል ጤና ላይ፣ በተለይ በእኛ ሠፈር፣ ሰው የሰው ስም በክፉ ሲያነሣ ከመሀል አንዱ ጣል የሚያደርጋት አጭር አባባል አለች። ከየት እንደመጣች ብትጠይቁ "የጥንት አባቶች ያሉት ነው" ይሏችኋል። አባቶች ምን በወጣቸው። አባባሏ የወጣችው ከእኛ ግቢ ነው፤ የተናገረቻትም ሴት ናት፤ ምክንያት ከሆኑት ሰዎች አንዷ ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእኔ ስሙት።

አትጠገብ የሐይቅ ልጅ ነበረች፤ ከውሃው ዳር ካለችው ከተማ። ሹፌር ባሏ አምጥቶ እኛ ግቢ፣ ከጓሮ በኩል ካለው ክፍል አስገባት። ኅዳር ላይ ለሥራ ብሎ ወደ አፋር ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ለምን እንደቀረ የሚያውቁት እሱና መንገዱ ናቸው። እትዬ ጌጤነሽን ግን ምክንያት የሌለው ነገር እንቅልፍ ይነሣታል፤ ስለዚህ ምክንያት አበጀችለት። በእኛ አገር ዶሮን አሥራ ሁለት ብልት አድርጎ ማውጣት የሴት ልጅ ምስክር ወረቀት ነው። አትጠገብን ደግሞ ዶሮ ስትሠራ ያያት የለም። አለቀ፤ አትችልም ማለት ነው።

በግቢው ከእሷ ጋር ዘጠኝ ነበርን። ስምንታችን ክርስቲያኖች ነን። ዘጠነኛዋ ከግቢው በር አጠገብ የሚኖሩት እሜት ሐዋ ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው። በዓላችን ሲሆን እንጠራቸዋለን። እሳቸው የእኛን እርድ አይበሉም፤ እኛም የእሳቸውን አንበላም። ስለዚህ ሽሮ በትንሽ ድስት ይሠራላቸውና ጥግ ላይ በትንሽ ትሪ ይቀርብላቸዋል። እኛ ዶሮውን ከበን ስንጎራረስ እሳቸው ከጥጋቸው ሆነው ይመርቁናል። ይህን ለዓመታት ከደግነታችን ስንቆጥረው ኖርን።

አንድ ነገር ልጨምር። እሜት ሐዋ ሐሜት አይወዱም። ስለዚህ እሳቸው ፊት ማንም ወሬ አያነሣም፤ የግቢው ወሬ ሁሉ በራቸው ሲደርስ ጸጥ ይላል።

ፋሲካ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው አትጠገብ በየቤታችን ዞረች። ከዚያ በፊት ጨው እንኳ ለመበደር የሰው በር አንኳኩታ አታውቅም።

"የእሑድ ምሳ እኔ ቤት ነው" አለችን። "ሁላችንም፣ በአንድ ገበታ።"

"በአንድ ገበታ" ያለችውን ማንም ልብ አላለውም።

ቅዳሜ ሹር ከደሴ ከመጣው አውቶቡስ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ባልዲ ወረደላት። እትዬ ጌጤነሽ መንገድ ላይ ጠበቀቻት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ዓሣ ነው እትዬ፤ እህቴ ናት የላከችልኝ።"

"ለመቼ?"

"ለነገ ነዋ።"

"ለፋሲካ? ኀምሳ አምስት ቀን ጾመን ዓሣ ልታበይን ነው?"

"መጀመሪያ ይቅመሱት፤ ከዚያ ይፈርዳሉ" አለቻትና አለፈች።

ለምን ዓሣ እንደሆነ እዚያው ብትነግራት ኖሮ ይህ ታሪክ ባልኖረ። ነገር ግን አንዳንድ ሰው ራስን ማስረዳት ልመና ይመስለዋል። እኔም ከዚያው ወገን ስለሆንኩ አልፈርድባትም።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ሁሉ ሰምቶ ነበር፤ ከእሜት ሐዋ በቀር። እትዬ ጌጤነሽ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆማ ትስቃለች። "አላልኳችሁም? ዓሣ ምን ብልት አለው፤ ራስና ጅራት። ለእሷ የተፈጠረ ነው።"

እሑድ ጠዋት በበሯ ሳልፍ ሽንኩርቱ በደንብ ተቁላልቶ፣ ቅቤው ከነኮረሪማው ገብቶ ይሸታል። በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንቁላል ትልጣለች።

"ዓሣ ወጥ ውስጥ እንቁላል?" አልኳት።

"በዓል አይደል እንዴ?" አለችኝ ቀና ሳትል።

ሳህኑ ላይ ያሉት ዘጠኝ ነበሩ። እኛ ለበዓል ስምንት ነው የምንቀቅለው። ዘጠነኛው የማን ነው ብዬ ብጠይቃት ምን ነበረበት? ዝም ብዬ አለፍኩ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሰበቡ ተደረደረ። እትዬ ጌጤነሽ "ወንድሜ ቤት ተጠርቻለሁ" ብላ ቤቷ ተቀመጠች። እኔ ራሴን አሞኛል አልኩ። ሌሎቹም እንደዚያው የየራሳቸውን ፈጠሩ። አትጠገብ በመጨረሻ እሜት ሐዋ በር ስትቆም በመስኮቴ ሰማኋት።

"እሜትዬ፣ ምሳው ደርሷል። ለእርስዎም የሚሆን ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። ለእኔ የሚሆን መቼ ጠፍቶ ያውቃል" አሏት። "ዛሬ ግን ጉልበቴን ያዘኝ። እናንተ ተደሰቱ፤ እንኳን አደረሳችሁ።"

ጉልበታቸው ደህና ነበር። ያ ጥግና ያ ሽሮ ሰልችቷቸው ነው።

አትጠገብ ተመልሳ ገባች። በሯን አልዘጋችም፤ ውስጡ ከእኔ መስኮት ይታያል። ትልቁ ትሪ መሀል ላይ ነው፤ ዙሪያውን ከየት እንዳሰባሰበችው እንጃ፣ ዘጠኝ መቀመጫ ተደርድሯል። ድስቱ እንደተከደነ ነው። ብዙ ጠበቀች። ፀሐዩ ከደጃፏ ላይ እስኪነሣ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ እጇን ለመታጠብ ተነሣች። ውሃ የሚያፈስላት ሰው ስላልነበረ ማንቆርቆሪያውን በግራ እጇ ይዛ ቀኟን አጠበች። ያን ጊዜ መስኮቴን ዘጋሁ። አሞኛል ብዬ የለ።

ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ቁልፉን በሩ ላይ ትታ ሄደች። ማንንም አልተሰናበተች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ እህቷ ዘርፌ ዕቃዋን ልትወስድ ፒክ አፕ ይዛ መጣች። ግቢው ሁሉ ሊያግዝ ወጣ፤ ማገዙ ለሰበብ፣ ማየቱ ለእውነት። እሜት ሐዋም ከበራቸው ላይ ቆሙ። እትዬ ጌጤነሽ አንድ ትራስ ይዛ መኪናው ድረስ እየሄደች፣ ማዘኗ ነው መሰለኝ፣ እሜት ሐዋ መቆማቸውን ረስታ ያንኑ ደገመችው።

"ምስኪን። ዶሮ መበለት ብትለምድ ኖሮ ትዳሯም አይፈርስ ነበር።"

ዘርፌ የያዘችውን ምጣድ መሬት አስቀመጠች። "ማን? አትጠገብ? ሐይቅ ላይ ሠርግ ሲኖር ዶሮው የሚመጣው እሷ ጋ ነው። በአንድ ቀን አርባ ዶሮ ስትበልት በዓይኔ አይቻለሁ።"

እትዬ ጌጤነሽ ትራሱን እንዳቀፈች ቀረች።

"ታዲያ ለፋሲካ ዓሣ ምን አሠራት?" አልኩ እኔ።

"አልነገረቻችሁም? እዚህ ግቢ በዓል በመጣ ቁጥር ጥግ ላይ ብቻቸውን የሚበሉ እናት አሉ አለችኝ። ዶሮ ሲሆን የማን ቢላዋ ነካው ይባላል። ዓሣ አይታረድ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። አንድ ቀን እንኳ መሀል አስቀምጬ ላጉርሳቸው ብላ ነው ያስላከችኝ።" ምጣዱን መልሳ አነሣች። "ኋላ በስልክ ስጠይቃት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዬን በላሁት አለችኝ።"

"አሁን የት ናት?" አሉ እሜት ሐዋ።

"ጅቡቲ ተሻግራለች፣ እማማ። ስልኳም አይሠራም።"

እሜት ሐዋ ቀስ ብለው ወደ መኪናው መጡ። ዘርፌ ክዳኑ እንዳይወድቅ በሲባጎ ያሰረችው ጥቁሩ ድስት ከዕቃው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጫኑ፤ መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥለው የራሳቸውን በር አዩና እንዲህ አሉ፦ "ክዳን ሳያነሡ ወጥ ወቀሱ።"