የአቶ ቀጸላ ፎርማጆ በፍልሰታ

አንድ ቀን፣ ያውም በፍልሰታ፣ ሕፃናቱ እንኳ ቅዳሴ እስኪወጣ እህል በማይቀምሱበት ሰሞን፣ አቶ ቀጸላ የሚባሉ ባለጠጋ ሰው ታመሙ። ታመሙ ስላችሁ አልጋ ላይ ዋሉ ማለቴ አይደለም ልጆቼ። ኧረ እንኳን አልጋ ሊይዛቸው፣ ከምግብ ጠረጴዛውም አልተነሡ። ሐኪሙ «ስኳርዎ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ እንጀራና ዳቦ ይቀንሱ» አላቸው፤ አለቀ። ጾም ይፍቱ ያላቸው ሰው የለም። እሳቸው ግን የሐኪሙን ቃል ይዘው ቤታቸው ገቡና የቀረውን ራሳቸው ጨመሩበት። ሽሮው ዱቄት ነው ተባለ። ምስሩም ያው ዱቄት ነው። ድንችማ ስሙ አይነሣ። ታዲያ ምን ተረፈ? ፎርማጆ! እናንተ ቺዝ የምትሉት። በዓለም ላይ ካለው ምግብ ሁሉ ለአቶ ቀጸላ ጤና የተስማማው፣ አያችሁ፣ በጾም የተከለከለው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ደግሞ ዝም ብሎ ፎርማጆ መሰላችሁ? ከስልካቸው ውስጥ አንዲት ሴትዮ አገኙ። ሴትዮዋ ፎርማጆውን በመፈቅፈቂያ ትፈቀፍቃለች፤ ትሪው ላይ ወረቀት ታነጥፍና በማንኪያ ቁንጥር ቁንጥር እያደረገች ትደረድራለች፤ ከዚያ ኦቨን ውስጥ ነው። ቀልጦ፣ ተንተክትኮ፣ ዳር ዳሩ ወርቅ ሲመስል አውጥታ ታቀዘቅዘዋለች። ሲቀዘቅዝ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል፤ ዱቄት የሚባል ነገር በአጠገቡ አላለፈም። «በቤታችሁ፣ በዐሥር ደቂቃ!» ትላለች ሴትዮዋ። አቶ ቀጸላም «በቤታችን፣ በዐሥር ደቂቃ!» ብለው ስልኩን ለወጥ ቤታቸው ለአንዳርጌ ሰጡት። ቤቱ የእሳቸው፣ ዐሥር ደቂቃው የአንዳርጌ።

አንዳርጌ ምስኪን እጁ ሙያ ያውቃል፤ አፉም አይተኛም። ያን ቀን ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። እናቱ ታማ በነበረ ጊዜ፣ ከዳነች ለማርያም ጥላ ይዞ ሩቅ ካለው ገዳሟ ሄዶ ሊሳለም ተስሏል። እናቱ ድናለች፤ ጥላውም ተገዝቶ ክፍሉ ጥግ ቆሟል። ወደዚያ የሚሄደው የምእመናን አውቶቡስ ከሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በር ልክ ሰባት ሰዓት ይነሣል። እሱ ካመለጠው ለከርሞ ፍልሰታ ነው። ስለት ደግሞ እንዲህ ከዓመት ዓመት የሚያሻግሩት ነገር አይደለም።

ጠዋት ፈቃድ ሲጠይቅ አቶ ቀጸላ አገጫቸውን እያሻሹ «ሂድ፣ ማን ያዘህ! ብቻ አንድ ሳህን ጋግረህልኝ፣ ቀምሼ ልቤ ከወደደው ነው» አሉት።

ልባቸው ምን እንደሚወድ የሚያውቅ ልባቸው ብቻ! ደሞ አንዳርጌ ጿሚ ነው። የጾመ ወጥ ቤት የፍስክ ሲሠራ አይቀምስም፤ ጨዉን በጣቱ ገምቶ፣ መብሰሉን በሽታው አውቆ ነው። ምላሱን እንደ ታሰረ ሰው አስቡት።

የመጀመሪያውን ሳህን ይዞ ሳሎን ሲገባ የአቶ ቀጸላ ንስሐ አባት፣ አባ ላእከ ማርያም፣ ቤቱን ጠበል ረጭተው ጨርሰው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ሳህኑን አዩ፤ ከዚያ አቶ ቀጸላን አዩ።

«ቀጸላ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው አባ።»

«በፍልሰታ?»

«የሐኪም ትእዛዝ ሆነብኝ። አፌ መች ወዶት! ዐይኔን ጨፍኜ እንደ ኮሶ ነው የምውጠው።»

አባ የዋህ ናቸው። «አይ፣ ለታመመማ ቤተ ክርስቲያንም አትጨክንም። እግዜር ይማርህ» አሉ።

አቶ ቀጸላ በሐዘን አንዷን አነሡ፤ በሐዘን አፋቸው ጨመሩ፤ ቀው! ፊታቸው ተቀየረ።

«አንዳርጌ! ጨው የት አለው ይኼ? ውሰድ፣ እንደገና ጋግር!»

አንዳርጌ ሰዓቱን አየ። ስድስት ሰዓት ከሩብ አልፏል። ሮጦ ማድ ቤት ገባ፤ ፈቀፈቀ፣ ደረደረ፣ ጋገረ፣ በሳህን ክዳን እያራገበ አቀዘቀዘ። ሁለተኛውን ይዞ መጣ።

ቀው! ቀው! ሁለት ነው የቀመሱት፤ በአንድ አይፈረድም ብለው መሰለኝ።

«ጨዉስ ደህና ነው። ሚጥሚጣውን ለማን አስቀመጥከው? ዳር ዳሩን ነስነስ አድርግበት እንጂ! ኮረሪማም ቆንጠር አድርግበት። ሂድ፣ ሂድ!»

አባ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ። አንዳርጌም ወደ ማድ ቤት ተመለሰ። ከውጭ «አውቶቡሱ በር ላይ ቆሟል፣ ሰው እየገባ ነው!» ሲባባሉ ይሰማዋል። ኦቨኑ ፊት ተንበርክኮ ፎርማጆውን «እባክህ ፍጠን፣ አንተም ለማርያም ብለህ!» አለው አሉ። ሳቁ እንጂ፤ ሰው ሲጨንቀው ከፎርማጆም ጋር ያወራል።

ሦስተኛው ሳህን ሲገባ ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነው። ጠርዙ ወርቅ፣ መሐሉ ሚጥሚጣ፣ ሽታው ጿሚ የሚያስት። አቶ ቀጸላ አንዱን ቆረጠሙ። ሌላም ቆረጠሙ። ሦስተኛውን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አድርገው ሰበሩና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«አይጮህም።»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«አይጮህም አልኩህ! ሴትዮዋ ስትቆረጥመው ከስልኩ ውስጥ ይሰማል። ያንተን እዚሁ የተቀመጡት አባ እንኳ አልሰሙትም!»

«ኧረ እኔስ ሰምቻለሁ» አሉ አባ ቀስ ብለው።

«አባ፣ እርስዎ እንዳይከፋው ብለው ነው። በል አንተ፣ አራተኛውን ሳሳ አድርገህ ጋግር። ለከርሞው ጉዞ ያድርስህ፤ ማርያም እንደሆነች የትም አትሄድ።»

አንዳርጌ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። አባ አዩት።

«ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው? ጌታህን እያስታመምክ አይደል?»

«አባቴ» አለ አንዳርጌ እጅ ነሥቶ፣ «እኔም እናቴን አስታምሜ አውቃለሁ። ግን ጨው አነሰው፣ ሚጥሚጣ ይነስነስበት፣ ደግሞም አይጮህም ተብሎ ወደ ሐኪሙ የተመለሰ ክኒን አይቼ አላውቅም። መድኃኒት ከሆነ ጋሼ ይዋጡት፤ ምግብ ከሆነ ግን ዛሬ ፍልሰታ ነው።»

የአቶ ቀጸላ አፍ ግማሽ ፎርማጆ እንደያዘ ተከፍቶ ቀረ። አባ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ይታያል። ኋላ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው መስቀላቸውን አነሡ።

«አንዳርጌ፣ ሂድ፤ ስለትህን አድርስ፣ እኛንም አስበን። አንተ ደግሞ ቀጸላ፣ በሽተኛን በመድኃኒቱ እንዲሰቃይ አልተወውም፤ እኔው እቆጣጠርልሃለሁ። ይኼን ፎርማጆ ሳይጋገር፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሚጥሚጣ፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድህ አንዲት ፍሬ ትውጣለህ።»

«አንዲት ብቻ አባ?» አሉ አቶ ቀጸላ፣ በቀጭን ድምፅ።

«እንዴ፣ አፌ አይወደውም አላልከኝም? ታዲያ ምን አበዛብሃለሁ?»

አንዳርጌ ሽርጡን በር ላይ ጥሎ፣ ጥላውን በብብቱ ሸጉጦ ሲሮጥ አውቶቡሱ ሞተር አስነሥቶ ነበር። ደረሰበት፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ገባ።

የአቶ ቀጸላን ነገር ትጠይቁኝ እንደሆነ፣ ማርያም ትመስገን፣ በማግስቱ ሽሮ ሲበሉ ተገኙ፤ ሕመሙ ሌሊቱን ለቀቀኝ አሉ።