የመምህር ገላጋይ ናሙና

አንድ ቀን፣ ያውም ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት የነሐሴ ጠዋት፣ መምህር ገላጋይ የማስተርስ ጽሑፉን ዲፌንስ ሊያደርግ ፈታኞች ፊት ቆመ። ገላጋይ የመካነ ሰላም ከተማ የታሪክ መምህር ነው። በጋውን ያስተምራል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ልጆቹን ለሚስቱ ጥሎ የትምህርት ምርምር ሊማር ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሚስቱ አንጓች ዘንድሮ ስትሸኘው እንቅጩን ነግራዋለች። «ጨርሰህ ና! በሚመጣው ክረምት ደግሞ እሄዳለሁ ካልክ ልጆቹንም ይዘሃቸው ትሄዳለህ» ብላዋለች። እንግዲህ ዛሬ ካላለፈ ጉዱ ፈላ።

ፈታኝ ሆነው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት ደግሞ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ዶክተር ምናሴ! እኚህ ሰው ተማሪን በአንድ ጊዜ ማሳለፍ ንስሐ የሚያስገባ ኃጢአት ይመስላቸዋል። ይመጣሉ፣ ተፈታኙ እንደ ወጉ ያቀረበውን ብስኩትና ሙዝ ጥርግ ያደርጋሉ፣ ውሃ ይጠጡበታል፣ ከዚያ «በሚቀጥለው ክረምት ተመለስ» ብለው ውልቅ! ኧረ እንዲያው አንዳንድ ሰው!

የገላጋይ ጥናት ስለ ምን መሰላችሁ? የተማሪን ጽሑፍ ሳያነቡ ስለሚያርሙ መምህራን ነው። ሽፋኑን አይተው፣ ውፍረቱን በእጃቸው መዘን አድርገው፣ ጫፉ ላይ «ጥሩ ነው፣ በርታ» ጫር አድርገው የሚመልሱትን ማለቴ ነው። ከእነሱ ጋር ቁጭ ብሎ እያወራ፣ ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ አንድ በአንድ ጽፏል።

ዶክተሩ ሙዛቸውን ጨርሰው እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ጽሑፍህን ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ» አሉ። «ያውም ሁለቴ! ብዙ ችግር አለበት። ለምሳሌ መምህራኑን ቃለ መጠይቅ ሳታደርግ ይህን ሁሉ ከየት አመጣኸው?»

«ዶክተር፣ ምዕራፍ አራት እኮ ሙሉውን ቃለ መጠይቅ ነው።»

«እሱማ... እሱማ አይቼዋለሁ! ጎልቶ አልወጣም ነው የምልህ።»

የገላጋይ አማካሪ አንገታቸውን ደፉ። ዶክተሩ ግን ወይ ፍንክች!

«የመፍትሔ ሐሳብ የሚባል ነገርም የለህም።»

«የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አለ፣ ዶክተር።»

«የለም አልኩህ! እስቲ ላሳይህ» ብለው ፊታቸው የተቀመጠውን ጥራዝ ገለጥ አደረጉ። ጽሑፉ ቁልቁል ሆነባቸው። ጥራዙን ሲያዞሩት ሽፋኑ ተዘቀዘቀ። መልሰው ሲያዞሩት ደግሞ ውስጡ ተዘቀዘቀ። ለካ ግቢው በር ላይ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በተመራቂ ሲዋከብ፣ ለእሳቸው የተላከውን ቅጂ ሽፋኑን ገልብጦ ጠርዞት ኖሯል!

«ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ጮኹ። «ማነው እንዲህ ዘቅዝቆ የጠረዘው? አሁን ይሄ በምን ይነበባል?»

ወይ ጉድ! ሁለቴ አነበብኩ ያሉት ሰውዬ ናቸው እንግዲህ። ከኋላ የተቀመጡት ተረኛ ተፈታኞች እርስ በርስ ተያዩ፤ ለመሳቅ ግን ማን ደፍሮ? ቀጥሎ የሚቆሙት እነሱ ናቸዋ!

ዶክተሩ አፋቸው እንዳመለጣቸው ሲገባቸው ፊታቸው ቲማቲም መሰለ። እፍረታቸውን በቁጣ ሊሸፍኑ ጠረጴዛውን ደበደቡት።

«ለማንኛውም! መምህር ሳያነብ ያርማል ማለት ስድብ ነው! የአንዲት ወረዳ መምህራን አጥንተህ የአገሩን መምህር ሁሉ ታዋርዳለህ? ይሄ ምን ናሙና ይባላል? ያንሳል! ከወረዳህ ወጣ በል፣ ከአንተ ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸውንም ጨምርና በሚቀጥለው ክረምት ተመለስ!»

ገላጋይ ይህን ሲሰማ የሚስቱ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለው። አንጓችን በምን ዓይኑ ሊያያት ነው? ስንት ክረምት ልጆቹን ናፍቆ የተማረው እንዲህ በዋዛ ሊቀር ነው? ከዚያ ግን ንዴቱ ፍርሃቱን በለጠውና እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፤ ጎንበስ ብሎም እጅ ነሳ።

«እውነትዎን ነው ዶክተር፣ ናሙናው ያንሳል። ከወረዳው ውጭ የሆነ፣ ደረጃውም ከፍ ያለ ሰው ጎድሎኛል። ታዲያ እስከሚቀጥለው ክረምት ምን አስጠበቀኝ? ሰውየውን አሁን አገኘኋቸው! ብቻ የምርምር ሥነ ምግባር ስንማር፣ ተጠኚውን ሳታስፈቅዱ እንዳታጠኑ ተብለናልና፣ ይፈቅዱልኛል ወይ? ለስምዎ አያስቡ፤ ‹አንድ ፈታኝ› ብዬ ነው የምጽፈው።»

ዶክተር ምናሴ ፈቃዱን ከለከሉት፤ ማለፊያውን ግን እዚያው ፈረሙለት።