ብረት የበዛባት ትንሽ መኪና

«አንድ ሰው ነበረ፤ ጣራ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ የስፖርት መኪና ነበረችው።»

ጋሽ መርዕድ ጨዋታቸውን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። የሚሰማቸው አሥራት ድሮ በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና ያስተማሩት ልጅ ነው። ዛሬ እሱም አባት ሆኗል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጁን ብቻውን ያሳድጋል። ምክር ሽቶ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ልጄን ጠበቅ አድርጌ ይዣለሁ፤ የት እንደዋለች እጠይቃለሁ፣ ራት ሁሌም አብረን ነው፣ ጓደኛ ቤት መሄድና ስለ እናቷ ማልቀስ ከልክያታለሁ። ግን እኔን ማዋራት ትታለች። ይበልጥ ላጥብቅ ወይስ ልልቀቃት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ስለ ልጅቱ አንድ ቃል ሳይናገሩ የመኪናዋን ነገር ቀጠሉ።

መኪናዋ ስትሠራ ጣራ ነበራት። የቀድሞ ባለቤቷ ግን ነፋስ ይምታኝ ብሎ አስቆርጦት ኖሯል። ሜዳ ላይ ስትሄድ ለዓይን ታምራለች። ወደ ቆላ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን ጠባይዋ ይለወጣል። መሪውን ሲያዞሩት ፊቷ ይታዘዛል፤ ኋላዋ ግን ልቡ እንደሸፈተ በሬ ዘግይቶ ይከተላል። አካሏ ይንቀጠቀጣል፣ በሮቿ ሲጥ ሲጥ ይላሉ።

ሰውየው በዚያ መንገድ መመላለስ ግዱ ነበር። እናቱ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ የሚሻላቸውም ቆላ ያለው ፍል ውሃ ውስጥ ሲነከሩ ብቻ ነው። መኪናዋንም ይወዷታል። ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው ከጎኑ ይቀመጡና የሰዉን አዝመራ እያደነቁ ይሄዳሉ። ኩርባ ሲመጣ ግን በሩን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ።

«አይዞሽ እማዬ» ይላቸዋል።

«እኔን ተወኝ፤ አንተ መንገዱን እይ!»

አንድ ቀን የመኪናዋ ኋላ ተንሸራቶ ገደል አፋፍ አደረሳቸው። ሰውየው በማግስቱ ወደ በያጅ ሄደ።

በያጁ ከሥሯ ገብቶ ተመለከተና፣ «ጣራው ለጌጥ የተሠራ መስሏቸው ነው የቆረጡት። ፊትና ኋላዋን አስተሳስሮ የያዘው እሱ ነበር። አሁን ኩርባ ላይ ሻንሲዋ፣ ሁሉን የሚሸከመው የሥር ብረቷ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዛል» አለው። ከሥሯ መስቀለኛ ብረት በየደላት። ከፊት፣ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ ግራና ቀኟን የሚያያይዝ አግዳሚ ብረት አሰረላት።

ሰውየው እናቱን አሳፍሮ ወደ ቆላ ወረደ። ዓይኑን ማመን አቃተው። መሪውን ሲያዞር ፊትና ኋላዋ አብረው ዞሩ፤ በሮቿም ዝም አሉ። እናቱ በሩን ለቀቅ አድርገው፣ «ዛሬስ ምን አበላሃት?» ብለው ሳቁ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። ያ የገደል አፋፍ ግን ከሰውየው ልብ አልወጣም። ጥቂት ብረት ይህን ካደረገ፣ ሌላ ቢጨመርስ አለ። ወንበሮቹ ሥር አስበየደ፣ ከወንበሮቹ ጀርባ አስበየደ፣ ጎንና ጎኗንም አስበየደ። በያጁ «ኧረ ይበቃታል» ቢለው፣ «የምጭነው እናቴን ነው» አለ። በመጨረሻ ጎማዎቹ ከአካሏ የሚያያዙበትን ለስላሳ የላስቲክ ጎሚኒ ሳይቀር አስወጥቶ በብረት አስተካው። ንዝረት የሚያበርዱትን ሞላዎቿንም በደረቅ ሞላ ለወጠ።

አሁን መኪናዋ ጨርሶ አትጠመዘዝም። ለስላሳ አስፋልት ላይ መንገዱን እንደ ጥፍር ቆንጥጣ ትይዛለች። የፍል ውሃው መንገድ ግን ለስላሳ አልነበረም። ጠጠር ስትረግጥ ጠጠሩ ወንበር ድረስ ይሰማል። ጉድጓድ ሲገጥማት ጎማዋ መሬት ለቆ ይዘላል፤ መሬት ያልረገጠ ጎማ ደግሞ ለመሪ አይታዘዝም። ሰውየው ጥፋቱን በመንገዱ አሳበበ። እናቱም በሩን መጨበጥ ስለተዉና ዝም ስላሉ ደህና ናቸው ብሎ ደመደመ።

አንድ ጠዋት ወደ ቆላው ሲቃረቡ፣ «አቁምልኝ ልጄ» አሉት። አቆመ። በሩን ከፍተው ቀስ ብለው ወረዱና በእግራቸው ቁልቁል መሄድ ጀመሩ።

«እማዬ! ወዴት ነው?»

«ወደ ፍል ውሃው ነዋ። አንተ ቀድመህ ጠብቀኝ።»

ሰውየው መሪውን እንደያዘ ከኋላቸው አያቸው። አንድ እጃቸው ወገባቸውን ደግፏል፤ በየእርምጃው ትከሻቸው ዘንበል ይላል። ያን ወገብ ይዘው በእግር መሄድን ከልጃቸው ጎን ከመቀመጥ መርጠዋል። ሮጦ ደረሰባቸው።

«እያመመሽ ነበር እንዴ?»

«ድንጋዩ ሁሉ እኔ ላይ ነው የሚያርፈው ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለእኔ ብለህ ስትለፋ እያየሁ፣ እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እናቱም አጠገቡ ተቀምጠው፣ እስኪወጣለት ራሱን ደባበሱት።

ከዚያ በያጁ ዘንድ ተመለሰ። ሁሉንም ግን አላስነቀለም። ከሥር ያለውን መስቀለኛና ከፊት ያለውን አግዳሚ ተዋቸው፤ ጣራው ይሸከመው የነበረውን የተሸከሙት እነሱ ነበሩና። በፍርሃት የጨመረውን አስቆረጠ። ለጎማዎቿ አዲስ ጎሚኒ አስገባ፣ ለስላሳዎቹን ሞላዎች መለሰላት። መኪናዋ ኩርባው ላይ ጸንታ ዞረች፤ ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ ብላ አለፈች። ከቁልቁለቱ መካከል ወደ ጎኑ ቢያይ እናቱ አንቀላፍተዋል።

ጋሽ መርዕድ ይህን ተናግረው ወደ አሥራት ዞሩ።

«ብረት መጨመር መኪናን ያሻሽላል ወይ ብትለኝ፣ ጣራዋ የተቆረጠባትን አዎ ያሻሽላል። ያንተም ቤት ጣራው ተቆርጧል ልጄ። አንተንና ልጅህን ያስተሳሰረችው እናቷ ነበረች። ስለዚህ ማጥበቅህን አልነቅፍም። አብራችሁ ራት መብላታችሁን፣ የት ዋልሽ ብለህ መጠየቅህን እንዳትተው። እሱ ከሥር የሚይዛት ነው። ግን ሳቋንም፣ ለቅሶዋንም፣ ጓደኞቿንም በየድክባት። እነዚያ እኮ ልጅቱ መንገዱን የምትረግጥባቸው ጎሚኒዎቿ ናቸው፤ ካልለሰለሱ እያንዳንዱ ድንጋይ አጥንቷ ድረስ ይገባል። ዝም ማለቷንም ንቀት አታድርገው። ለእሷ ብለህ ስትለፋ እያየች፣ እንዴት ብላ ትንገርህ?»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጀምር፣ ጋሼ?» አለ አሥራት።

«‹እናትሽ ናፈቀችኝ› በላት። ከዚያ ዝም በልና ስማት።»