የእትዬ ደብሪቱ መደርደሪያ

ላውራችሁ? አውሪ ካላችሁኝ ጆሯችሁን ወዲህ በሉት።

እትዬ ደብሪቱ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው አልጋቸውን ሞልቶት፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይተኛሉ። አንገታቸው ሲጣመም ጊዜ ሳንቃ ገዝተው፣ ራሳቸው ልገው መደርደሪያ ሠሩ። የቀረው ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። ምስማሩን ግባ ቢሉት፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ አልገባም አላቸው።

ወደ መዶሻው ሄዱ። ምስማሩ አልገባ፣ መደርደሪያው አልሰቀል አለኝና ምታልኝ አሉት። መዶሻው፣ ሁለታችንም ብረት ነን፣ ዘመዴን አልመታም አለ።

ወደ ምስጡ ሄዱ። መዶሻው አልመታ፣ ምስማሩ አልገባ፣ መደርደሪያው አልሰቀል አለኝና የመዶሻውን እጀታ ብላልኝ አሉት። ምስጡ፣ እንጨት ሆዴን ይነፋኛል፣ ትቻለሁ አለ።

ወደ ጎረቤት ዶሮ ሄዱ። ምስጡ አልበላ፣ መዶሻው አልመታ፣ ምስማሩ አልገባ፣ መደርደሪያው አልሰቀል አለኝና ምስጡን ልቀሚልኝ አሏት። ዶሮዋ፣ ጌታዬ አቶ ገላው ሳያዙኝ ማንንም አልለቅምም አለች።

የአቶ ገላውን በር አንኳኩ። አቶ ገላው ራሳቸው ላይ ድስት ደፍተው ከፈቱ። እትዬ ደብሪቱ ድስቱን እንዳላዩ አልፈው፣ ዶሮዋ አልለቅም፣ ምስጡ አልበላ፣ መዶሻው አልመታ፣ ምስማሩ አልገባ፣ መደርደሪያው አልሰቀል አለኝና ዶሮዋን ይዘዙልኝ አሉ።

«አላዛትም» አሉ አቶ ገላው። «ግድግዳው የጋራችን ነው፤ ትራሴ ደግሞ እዚያው ሥር ነው። እርስዎ ሳንቃ መላግ ከጀመሩ ወዲህ፣ ምስማሩ ራሴ ውስጥ ይገባል ብዬ ድስት ደፍቼ ነው የምተኛው።»

«ታዲያ አልጋውን ለምን አያዞሩትም?»

«ብቻዬን መች ይነሳልኛል?»

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላው አቶ ገላው ይዘው፣ እያቃሰቱ አልጋውን ወዲያኛው ጥግ አደረሱት።

አቶ ገላው ድስቱን አውልቀው ዶሮዋን አዘዙ። ዶሮዋ ምስጡን ልልቀም ስትል፣ ምስጡ እጀታውን ልብላ አለ። ምስጡ እጀታውን ልብላ ሲል፣ መዶሻው ምስማሩን ልምታ አለ። መዶሻው ልምታ ሲል፣ ምስማሩ ሳይመታ ዘሎ ገባ። መደርደሪያውም ተሰቀለ።

እትዬ ደብሪቱ ዕቃውን ሁሉ ደርድረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ አልጋቸው ላይ ተዘረሩ። ምስማሩ ግን በድንጋጤ ብዙ ስለገባ፣ ጫፉ በአቶ ገላው በኩል ብቅ ብሏል። አቶ ገላው ጠጋ ብለው አዩት። ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ባርኔጣቸውን ሰቀሉበት።

ተረቴም እዚህ ላይ ተሰቀለ፤ ማውረድ የፈለገ መሰላል ያምጣ።