የቀጨሞ አፋፏ አስታማሚ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም። የአያቴ አያት ገና ሳትዳር፣ ቀጨሞ አፋፍ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል አስታማሚ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ዘመድ የላትም። ከሩቅ አገር የመጣች ናት። ጎጆዋን የቀለሰችው በወጌሻው በቢተው ግቢ ጥግ ነው። ቢተው የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ እሷ ደግሞ የተጠገነውን ሰው ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ከሥሩ ያለውን ቆሻሻ ታወጣለች። ቢተው ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። አንጓች ስታልፍ አፍንጫውን ይይዛል። ወይ ሰው!

እሷ ግን ሥራዋን ትወዳለች። እውነቴን ነው፤ የታጠበ በሽተኛ ፊቱ ፈካ ሲል ካየች፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውላለች።

ታዲያ አንድ በጋ ባላምባራስ ወንድይራድ ከበቅሎ ወደቁና ጭናቸው ተሰበረ። ቢተው አጥንቱን ገጠመ፣ በቀርከሃ ደግፎ ጠፍሮ አሰረው።

"ሁለት ወር ከአልጋ መውረድ የለም" አለ። ከዚያ ወደ አንጓች ዞረ። "በዚህ ዕድሜ ጀርባቸው ከቆሰለ አይተርፉም። አደራሽን፣ ጭናቸውን ሳታናጊ አገላብጪ። እስሩን ግን እንዳትነኪ፤ እሱ የእኔ ሥራ ነው።"

"እሺ አያ፣ አልነካም" አለች።

መጀመሪያ ያስቸገራት የሰውዬው እፍረት ነው። "እኔን ወንዱን ሴት ልታጥበኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!" አሉ። አንጓች አልተከራከረችም። ለብ ያለ ውሃ አቀረበችና "ፊትዎን እርስዎ ይታጠቡ ጌታዬ፤ እጅዎ የማይደርስበትን ለእኔ ይተዉልኝ" አለች። ጋቢ አለበሰቻቸው። ከጋቢው ሥር እያጠበች ስለ በቅሏቸው ጠየቀቻቸው። እሳቸው በቅሏቸውን ሲሰድቡ፣ ሲረግሙ፣ እጥበቱ አልቆ አረፈው።

ቀጥሎ ያስቸገራት ጠያቂ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ቤቱ ጢም ይላል። ጠያቂው ይገባል፣ "እግዜር ይማርዎ" ይላል፣ ይቀመጣል፣ ጠላውን ይጠጣል፣ ስለ ዝናብ ያወራል። ሌላው ይገባል፣ እሱም ይቀመጣል። ባላምባራስ ደግሞ በእንግዳ ፊት መገላበጥ ሞታቸው ነው። "ቆይ፣ ይሂዱ" ይላሉ። ማን ይሄዳል! በሦስተኛው ቀን አንጓች ጀርባቸውን ብታይ በርበሬ መስሏል። ሊገደሉባት ነው፣ ያውም በወዳጅ!

መሐል ቤት ገብታ ቆመች። "ጌቶቼ፣ የመጣችሁት ለእሳቸው ነው ወይስ ለጠላው?"

ከጠያቂዎቹ መሐል የነበሩት መሪጌታ አፈጠጡባት።

"ለእሳቸው ከሆነ ተነሡና ከሥራቸው የተነጠፈውን ጋቢ ያዙልኝ፤ እናገላብጣቸው።"

አንድ ሽማግሌ እየሳቁ ተነሡና አንዱን ጫፍ ያዙ። ሌላው ተነሣ። ኋላማ መሪጌታውም ተነሡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የገባ ሁሉ ሳያገላብጥ አይቀመጥም። መቅላቱም ጠፋ።

ሦስተኛው ግን የባሰ ነበር። አንድ ጠዋት እግራቸውን ስታጥብ ጣቶቻቸው በረዶ ሆነዋል፣ ጥፍራቸው ጠቁሯል። ቆነጠጠቻቸው። "አልተሰማኝም" አሉ። እግሩ አብጦ እስሩ ደም ከልክሎታል። ሚስታቸው "በይ ፍቺው!" ብለው ጮኹ። አንጓች እጇን ሰበሰበች። አጥንቱ ቢለቅ የምትገጥመው እሷ አይደለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቢተው ሮጠች።

ቢተው ከሰው ጋር ተቀምጦ ነበር። እስሩ እንደጠበቀ ብትነግረው፣ "የእኔን እስር አንቺ ልትነቅፊ? ሁለተኛ ብትደግሚው ከግቢዬ ትወጫለሽ!" አላት።

ተመለሰች። ጣቶቹን ዳሰሰች። ብሶባቸዋል። ከግቢው ብትወጣ ወዴት ትገባለች? ግን ወደ ቢተው ተመልሳ ሄደች።

"አያ፣ ውጪ ካልከኝ እወጣለሁ። ጎጆዬንም ነገ አፈርሳለሁ። ዛሬ ግን መጥተህ ጣታቸውን ንካ።"

እየተቆጣ መጣ። ነካ። ቶሎ ብሎ ፈታው፣ አላልቶም አሰረው። ደሙ ሲመለስ ባላምባራስ በሕመም ጮኹ፤ አንጓች ጩኸታቸውን ሰምታ በደስታ አለቀሰች። እግሩ ተረፈ።

ቢተው አንገቱን ደፍቶ "ነይ፣ ወጌሻነት ላስተምርሽ" አላት። ባላምባራስም "ቤቴን በሙሉ አንቺ እዘዢበት" አሉ። አንጓች እጅ ነሣች። "እግዜር ይስጥልኝ። ግን ጎረቤት ያሉት አሮጊት ዛሬ አልታጠቡም" ብላ ወጣች። ምን ታደርጓታላችሁ! ቢተው ግን ከዚያ ወዲያ እስር ባሰረ ቁጥር "አንጓች፣ ጣቱን እይልኝ" ማለት ለመደ።

እናም እስከ ዛሬ ቀጨሞ አፋፍ በሽተኛ ሊጠይቅ የገባ ሰው "እግዜር ይማርዎ" ከማለቱ በፊት እጁን ታጥቦ "ተገላብጠዋል?" ብሎ ይጠይቃል። "ገና ነኝ" ከተባለ፣ ባላባትም ይሁን ቄስ፣ መቀመጥ የለም።

አንጓች ራሷ አርጅታ ሁለት ዓመት የአልጋ ቁራኛ ሆነች። ልጅ የላትም፣ ዘመድ የላትም። መንደሩ ተራ ገባላት። ስትሞት የገነዟት ሴቶች ቀስ ብለው አዙረው ጀርባዋን አዩ። አንዲት ቁስል አልነበረባትም።