የምንታምር ግራ እጅጌ

በቅደም ተከተሉ ልሳሳት እችላለሁ። የማስታውሰው እንዲህ ነው።

አክስቴ ወይዘሮ አሰገደች የፈለጉት አንድ እጅጌ ብቻ ነበር። የልጃቸው የምንታምር ሠርግ እሑድ ነው። የቀሚሷ ቀኝ እጅጌ ሰኞ ተጠልፎ አልቋል፤ ግራው ዓርብም ባዶ ነው። የጥልፍ ማሽኑም ኮምፒውተሩም የራሳቸው ናቸው። ንድፉንም የሳሉት ራሳቸው ናቸው።

«መርፌ፣ እጅጌውን ጥለፊ» አሉ።

«ኮምፒውተር ንድፉን ካልሰጠኝ አልጠልፍም» አለች መርፌ።

«ኮምፒውተር፣ ንድፉን ስጣት፤ መርፌ አልጠልፍም አለች።»

«ፕሮግራም ካልተከፈተ አልሰጥም» አለ ኮምፒውተር።

«ፕሮግራም፣ ተከፈት፤ ኮምፒውተር አልሰጥም አለ፤ መርፌ አልጠልፍም አለች።»

«ውል ካልፈቀደ አልከፈትም» አለ ፕሮግራም።

«ንድፉ እኮ የእኔ ነው!»

«ንድፉ የእርስዎ ነው። መክፈቻው አይደለም።»

«ውል፣ ፍቀድ፤ ፕሮግራም አልከፈትም አለ፤ ኮምፒውተር አልሰጥም አለ፤ መርፌ አልጠልፍም አለች።»

«ማክሰኞ ሃርድ ዲስክ አስቀይረዋል» አለ ውል። «ይሄ ለእኔ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ወኪል ካላዘዘኝ አልፈቅድም።»

«ያው ነው! ጭረቱ እንኳ ይኸውና!»

«ጭረት አላነብም።»

አክስቴ ፕሮግራሙን ወደሚሸጠው ወኪል ሄዱ። «ልጄ፣ ውልን እዘዝልኝ፤ ውል አልፈቅድም አለ፤ ፕሮግራም አልከፈትም አለ፤ ኮምፒውተር አልሰጥም አለ፤ መርፌ አልጠልፍም አለች።»

«እማማ፣ አዲስ ፈቃድ ይግዙ።»

«ገዝቻለሁ እኮ!»

«እሱ ለአሮጌው ኮምፒውተር ነው። አላዝም።»

አክስቴ ምንታምርን ለሙሽራው የጠየቁትን ሦስት ሽማግሌዎች ጠሩ። «ልጄን ስትጠይቁኝ ሰጥቻችኋለሁ» አሏቸው። «አሁን ደግሞ እጅጌ ጠይቁልኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ እኔን አስከትለው ወኪሉ ቢሮ ገብተው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ፣ አባቶቼ!» አለ ወኪሉ።

«ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ ጋሽ ወንዳፍራሽ። «ውልን እዘዝልን፤ ውል አልፈቅድም አለ፤ ፕሮግራም አልከፈትም አለ፤ ኮምፒውተር አልሰጥም አለ፤ መርፌ አልጠልፍም አለች።»

ወኪሉ ወንበር አመጣ። አልተቀመጡም። ሽማግሌ ቆሞ እሱ እንዴት ይቀመጣል? ቆመ። ደንበኛ ገባ፤ ሽማግሌዎቹን አይቶ ቆመ። ሌላም ገባ፤ ቆመ። አምስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ሰው ቆሞ፣ ዐሥራ አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ሰዎቹን ቆጥሬያለሁ፤ በወንበሮቹ ቁጥር ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

«ኧረ በፈጠራችሁ ተቀመጡ! አዝዛለሁ!» አለ ወኪሉ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ወኪል አዘዘ፤ ውል ፈቀደ፤ ፕሮግራም ተከፈተ፤ ኮምፒውተር ሰጠ፤ መርፌ ጠለፈች። ምንታምር እሑድ በሁለት እጅጌ ተዳረች።

ከሠርጉ በኋላ አክስቴ፣ «ለመሆኑ በዚህ ውል የተስማማው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ፕሮግራሙ ይህን ይመዘግባል፤ ከፍቼ አረጋገጥኩ። ውሉ አርባ ሁለት ገጽ ነው። ከተከፈተ በኋላ «እስማማለሁ» የሚለው እስኪጫን አራት ሰከንድ ፈጅቷል። ያን ቀን ማሽኑን ገጥሜ ፕሮግራሙን የጫንኩላቸው እኔ ነበርኩ።